የምክር ተገልጋይን በአካል፣ በአእምሮና በኑሮ መመዘን፦ በጎንደር ለሚሠሩ አማካሪዎች

የመጀመሪያው ምዘና ሲጠናቀቅ አማካሪው ለአንድ ጥያቄ መልስ ሊኖረው ይገባል፤ ይኸውም ይህ ሰው በዚህ ችግር፣ በዚህ ጊዜ የተያዘው ለምንድን ነው የሚል ነው። ቅጽ መሙላት ብቻውን ይህን አይመልስም። በየማኅደሩ የሚገኘው ምዘና አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓምዶች አሉት፤ በአንዱ የአካል ሕመም፣ በሁለተኛው ሐሳብና ስሜት፣ በሦስተኛው የቤተሰብና የኑሮ ሁኔታ ተዘርዝሮ ይቀመጣል፤ ሦስቱ በዚህ አንድ ሰው ላይ እንዴት እንደተያያዙ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አይጻፍም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው መረጃውን እንዴት መሰብሰብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማያያዣውን እንዴት መፈለግና መጻፍ እንደሚቻል ለማሳየት ነው።

በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አሜሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ኤንግል እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሕክምና በሽታን በአካል መታወክ ብቻ የሚያየው ከሆነ ሕመምተኛውን እንደሚስተው ተከራክሮ፣ አካል፣ አእምሮና ማኅበራዊ ኑሮ በአንድነት የሚታዩበትን አካሄድ አቀረበ። አስተሳሰቡ ለጎንደር እንግዳ አይደለም። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት ለማሠልጠን ነበር፤ የተለያየ ሙያ ተማሪዎችን በቡድን ወደ ኅብረተሰቡ የመላኩ ልማድም የዩኒቨርሲቲው መታወቂያ ሆኖ ቆይቷል። የአንድን ሰው ሕመም ከቤቱ፣ ከውኃውና ከጎረቤቱ ለይቶ አለማየት እዚህ የቆየ ትምህርት ነው።

ከመጠየቅ በፊት

ለምዘናው ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል መመደብ፣ የሚቻል ከሆነም በሁለት ቀን ከፍሎ ማካሄድ ይመከራል። ክፍሉ ድምፅ የማያስወጣ፣ በሩም በየደቂቃው የማይንኳኳ መሆን አለበት።

ብዙ ተገልጋይ ከአጃቢ ጋር ይመጣል። እናት፣ ታላቅ ወንድም፣ ጎረቤት፣ አንዳንዴም የነፍስ አባት አብሮ ይገባል፤ አጃቢውም ተገልጋዩ አፉን ሳይከፍት ታሪኩን መተረክ ይጀምራል። አጃቢውን ገና ከበሩ መመለስ ቤተሰቡን ያስቀይማል፤ እስከ መጨረሻው አስቀምጦ ማቆየት ደግሞ ተገልጋዩን ዝም ያሰኛል። የተሻለው መንገድ ሁሉንም አስቀምጦ ሰላምታ መለዋወጥ፣ በተገልጋዩ ፈቃድ አጃቢውን ያሳሰበውን ነገር ለአሥር ደቂቃ ያህል ማዳመጥ፣ ከዚያም «ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ለብቻ መነጋገር የአሠራራችን ደንብ ነው» ብሎ ወደ መቆያው መሸኘት ነው። ደንብ ነው ከተባለ የሚቀየም ሰው አይበዛም። ባል ሚስቱን ለብቻዋ ለመተው የሚያቅማማ ከሆነ ግን ያ ማቅማማት ራሱ በማኅደሩ ሊመዘገብ የሚገባው መረጃ ነው፤ በቤት ውስጥ የሚደርስ ጥቃትን የሚመለከቱ ጥያቄዎችም ተገልጋዩዋ ብቻዋን እስክትሆን ድረስ ፈጽሞ አይነሡም።

የአጠራር ነገር ቀላል መስሎ ቢታይም የንግግሩን ዕጣ የሚወስነው እርሱ ነው። ከደምቢያ ወይም ከአርማጭሆ የመጡ አዛውንት በልጃቸው ዕድሜ ያለ አማካሪ «አንተ» ካላቸው ጨዋታው እዚያው ይዘጋል። አዛውንቱን «አንቱ» ወይም «እርስዎ»፣ ካህኑን «መምሬ»፣ ሼሁን «ሼህ» ብሎ መጥራት፣ የቀረውንም ሰው «ማን ብዬ ልጥራዎት?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ምስጢር የመጠበቅ ግዴታን ማስረዳት ከሁሉም ይቀድማል፤ ይህም በወረቀት ላይ ለማስፈረም ያህል ሳይሆን ተገልጋዩ በሚገባው ቋንቋ መሆን አለበት። የሚነገረው ነገር ከክፍሉ እንደማይወጣ፣ ነገር ግን የተገልጋዩ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከወደቀ፣ ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ ወይም ፍርድ ቤት ካዘዘ አማካሪው ዝም ሊል እንደማይችል በግልጽ ይነገራል። በጎንደር አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ፤ ከተማዋ ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት በመሆኗ አማካሪና ተገልጋይ ፒያሳ ላይ፣ በሠርግ ቤት ወይም በልቅሶ ድንኳን መገናኘታቸው አይቀርም። በእኛ ዘንድ ያወቁትን ሰው ሰላም ሳይሉ ማለፍ ንቀት ነው፤ ሰላም ማለት ደግሞ «ከየት ትተዋወቃላችሁ?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን «ውጭ ስንገናኝ እርስዎ ቀድመው ሰላም ካላሉኝ እኔ አልልዎትም፤ ይህን የማደርገው ገመናዎን ለመጠበቅ ነው» ብሎ መስማማት ብዙ ቅሬታ ያስቀራል።

ታሪኩን ማስጀመር

የመጀመሪያው ጥያቄ ሰፊ ይሁን፤ «ምን አመጣዎት?» ብሎ ለአምስት ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ ማዳመጥ ነው። ዝርዝሩ በኋላ ይመጣል። በዚህ ጊዜ አማካሪው የሚጽፈው የተገልጋዩን ቃል ራሱን ነው። ሰው ጭንቀቱን «ልቤን ያፍነኛል»፣ «ሆዴን ባር ባር ይለዋል»፣ «ጭንቅላቴን ይወቅረኛል»፣ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል» እያለ ሲናገር፣ አማካሪው ቃሉን ቀይሮ «ድብርት» ወይም «ጭንቀት» ብሎ ከጻፈ ሁለት ነገር ያጣል። አንደኛ፣ ሕመሙ በእርግጥ የአካል ሊሆን የሚችልበትን ዕድል ገና ከመነሻው ይዘጋል። ሁለተኛ፣ በስድስተኛው ቀጠሮ «ያ የሚወቅርዎት ነገር እንዴት ነው?» ብሎ ለመጠየቅ የሚያስችለውን የተገልጋዩን ቋንቋ ከእጁ ያወጣል።

ችግሩ መቼ እንደጀመረ ሲጠየቅ ቀንና ወር የማይዝ ሰው ብዙ ነው፤ በዓልና ወቅት ግን ሁሉም ያስታውሳል። «ከጥምቀት በፊት ነው ወይስ በኋላ?»፣ «ሁዳዴ ሲገባ እንቅልፍዎ ደህና ነበር?»፣ «በረመዳን ጊዜስ?»፣ «እህል ሲታጨድ ሥራ ይሠሩ ነበር?» የሚሉ ጥያቄዎች የችግሩን የጊዜ ቅደም ተከተል ያወጣሉ። ቅደም ተከተሉ ከታወቀ የማያያዣው ግማሽ ተገኘ ማለት ነው፤ ድካሙ ከሐዘኑ በፊት ከመጣ አንድ ታሪክ ነው፣ ሐዘኑ ከድካሙ ከቀደመ ሌላ ታሪክ ነው።

አካል

አማካሪ ሐኪም አይደለም፤ መድኃኒት አያዝም፣ ደም አይመረምርም። በዚህ ምክንያት ብዙዎች የአካሉን ዘርፍ «የሚታወቅ ሕመም የለም» በሚል አንድ መስመር ያልፉታል። በእኔ እምነት በምዘና ላይ ከሚታዩ ጉድለቶች ሁሉ ጉዳቱ የከፋው ይህ ነው። በአንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ መታወክ፣ የደም ማነስ፣ የስኳር ሕመም፣ የሳንባ ነቀርሳና የሚጥል በሽታ የድብርትን ወይም የጭንቀትን መልክ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፤ ለወራት በንግግር የማይለቅ ድካም በአንድ የደም ምርመራ መንስኤው የሚታወቅበት ጊዜ አለ። የአማካሪው ተግባር በሽታውን ማወቅ ሳይሆን፣ ምርመራ የሚያስፈልገውን ሰው ለይቶ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መላክ ነው።

ለዚህ ጥያቄው በትክክል መቅረብ አለበት። «የሚያውቁት ሕመም አለብዎት?» ለሚለው መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ የለም» ነው። «በዚህ ዓመት ጤና ጣቢያ የሄዱት ለምን ነበር?»፣ «አሁን የሚወስዱት ክኒን አለ?»፣ «ጀምረው ያቋረጡትስ?» ሲባል ግን የደም ግፊት መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ መቆሙ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ገና አለመጠናቀቁ ይወጣል። አንዳንድ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶችና የስቴሮይድ መድኃኒቶች እንቅልፍንና ስሜትን ሊያውኩ ስለሚችሉ፣ ተገልጋዩ በሁለተኛው ቀጠሮ የክኒኑን ማሸጊያ ይዞ እንዲመጣ መጠየቅ ጥሩ ነው።

የአገሩ መልክዓ ምድርም በምዘናው ውስጥ ይገባል። ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ወይም ወደ ሁመራ ወርዶ የተመለሰ ጎልማሳ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና ክብደት መቀነስ ቢታይበት፣ ትኩሳት እንደነበረው ሳይጠየቅ ድብርት ነው ማለት አደገኛ ነው፤ በእነዚያ ቆላዎች ወባም፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላ አዛርም አለና። በደጋው ደግሞ የታይሮይድ ዕጢ እብጠት የሆነው እንቅርት አንገት ላይ መኖሩን በዓይን ማየት ይቻላል። ሴቶችን ስለ ወር አበባ መጠንና ጊዜ፣ ስለ ቅርብ ወሊድና ስለ ጽንስ መቋረጥ መጠየቅ የሚያሳፍር መስሎ ቢታይም፣ ጥያቄው ከሌሎች የጤና ጥያቄዎች መሐል በተረጋጋ ድምፅ ከቀረበ ተገልጋዮች በእፎይታ ይመልሱታል። የሚጥል በሽታ በነውር ስለሚደበቅ ስሙን ጠርቶ ከመጠየቅ «ራስዎን ስተው ወድቀው ያውቃሉ?» ማለት ይሻላል፤ በዱላ፣ በመኪና አደጋ ወይም ከከፍታ በመውደቅ ጭንቅላት ተመትቶ እንደሆነም ይጠየቃል።

ስለ መጠጥና ጫት «ይጠጣሉ?» ተብሎ ሲጠየቅ «እንደ ሰው ነው» የሚል መልስ ይመጣል፤ ይህ ለምዘና አይጠቅምም። አረቄው በመለኪያ፣ ጠላው በጣሳ፣ ጫቱ በቀን በሚወስደው ሰዓት፣ ሁሉም በሳምንት በስንት ቀን እንደሆነ መቁጠር ያስፈልጋል። ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥና በአረቄ የሚያረጋጋው ሰው በድንገት መጠጥ እንዲያቆም ፈጽሞ መምከር አይገባም፤ በድንገት ማቆም ሰውነትን ሊያንቀጠቅጥና ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ስለሚችል በሐኪም ክትትል መሆን አለበት።

ጸበልም የሚነሣው በዚሁ ዘርፍ ነው። «ጸበል ሄደዋል?» የሚለው ጥያቄ በወቀሳ ድምፅ ከተጠየቀ መልሱ ይደበቃል። በአክብሮት ከተጠየቀ ግን የት እንደሄዱ፣ ስንት ሱባኤ እንደያዙ፣ ምን እንደተሻላቸው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መድኃኒታቸውን በዚያ ጊዜ እንዳቋረጡ ይናገራሉ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸውን ማስታወስ፣ ሁለቱን የሚጣሉ ነገሮች አድርጎ ለሚያይ ተገልጋይ ይረዳል። ከአማካሪው የሚጠበቀው ሃይማኖታዊ ክርክር ሳይሆን፣ መድኃኒቱ የቆመበትን ቀን መመዝገብና ሰውየውን ከሐኪሙ ጋር ማገናኘት ነው።

አእምሮ

እዚህ ላይ አማካሪዎች የተሻለ ልምድ ስላላቸው ዋና ዋናውን ብቻ እጠቅሳለሁ። የአሁኑ ስሜት፣ እንቅልፍ፣ ትኩረት፣ ተስፋ፣ ጭንቀት፣ የቀድሞ የአእምሮ ሕመምና ሕክምና፣ በቤተሰብ ውስጥ የአእምሮ ሕመም መኖሩ፣ አስተዳደግ፣ ትምህርት፣ የልጅነት ጉዳት፣ ቀድሞ የደረሰን ችግር እንዴት እንደተወጣው፣ ይህ ሁሉ ይጠየቃል። ከዚህ ጋር ተገልጋዩ ችግሩን ራሱ ምን ብሎ እንደሚጠራውና ከምን እንደመጣ እንደሚያስብ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ውስጥ የባህል ቃለ መጠይቅ ብሎ ያካተታቸው 16 ጥያቄዎች በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው። መልሱ ዛር፣ ቡዳ፣ መተት፣ የእግዚአብሔር ቁጣ ወይም የሐሳብ ብዛት ሊሆን ይችላል። አማካሪው መልሱን አይቃወምም፣ አያጸድቅምም፤ «ይህ ከሆነ ምን ይሻላል ይላሉ? እስካሁንስ ምን ሞከሩ?» እያለ ይከተላል።

የአእምሮ ሁኔታን በማየትና በማዳመጥ ሲመዘግቡ የአገሩን ልማድ ከምልክት መለየት ያስፈልጋል። ወጣት ሴት ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ብትናገር ይህ ጨዋነት ሊሆን ይችላል። ጥቁር የለበሰና ራሱን የተላጨ ሰው ሐዘን ላይ ነው እንጂ ራሱን የጣለ ሰው አይደለም። በሐዘን ሰሞን የሟችን ድምፅ ሰማሁ ማለት ብቻውን የአእምሮ መታወክን አያመለክትም። «ዛሬ ስንት ቀን ነው?» ተብለው «ዛሬ ሚካኤል ነው» ብለው የመለሱ እናት ቀኑ 12 ከሆነ በትክክል መልሰዋል፤ ቁጥር አልጠሩም ተብሎ የጊዜ ግንዛቤያቸው ተዛብቷል ሊባል አይገባም።

የመጠይቅ መሣሪያዎች ይረዳሉ፤ ፍርድ ግን አይሰጡም። በኢትዮጵያ በአማርኛ ጥቅም ላይ ከዋሉት መካከል ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የድብርት ምልክቶች የሚጠይቀው ፒ ኤች ኪው-9 እና የአእምሮ ጤና ችግር ምልክቶችን ለመለየት የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ አዎ ወይም አይደለም የሚባሉ 20 ጥያቄዎች ያሉት ኤስ አር ኪው-20 ይገኙበታል። ማንበብ ለማይችል ተገልጋይ ጥያቄው እንዳለ ይነበባል እንጂ አይተረክም። የፒ ኤች ኪው-9 ድምር ከ0 እስከ 27 ሲሆን 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግ ይመከራል፤ ነገር ግን ከዘጠኙ ጥያቄዎች መካከል ስለ እንቅልፍ፣ ድካምና ምግብ የሚጠይቁት በአካል ሕመም ምክንያትም ነጥብ ሊያገኙ ይችላሉ። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ምግብ አለመብላቱ የፍላጎት ማጣት አይደለም፤ «ሲያስፈስኩስ ይጣፍጥዎታል?» ብሎ መጠየቅ ልዩነቱን ያወጣል።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ

ይህ ጥያቄ በማንኛውም ምዘና ላይ አይዘለልም። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ብዙዎች የሚጠይቃቸው ሰው በማግኘታቸው ይቀልላቸዋል። በሃይማኖት ቤት ያደገ ሰው ቃሉን በቀጥታ ስለማይናገር ፍንጩ በጸሎት መልክ ይመጣል። እንዲህ ያለ ንግግር ያጋጥማል፦

«ምን አደርጋለሁ፣ እሱ በወሰደኝ ነው የምለው።»

«እግዚአብሔር በወሰደኝ የሚሉት መቼ መቼ ነው?»

«ሌሊት። እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ።»

«እንዲህ ሲጨንቅዎት ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?»

«... አንድ ቀን አስቤ ነበር። ልጆቼን ሳይ ተውኩት።»

«ያን ቀን በምን ሊያደርጉት አስበው ነበር?»

የአማካሪው ድምፅ በሦስቱም ጥያቄዎች ላይ አንድ ዓይነት መሆኑ አስፈላጊ ነው። መልሱ ከመጣ በኋላ «ኃጢአት ነው» ማለት በሩን መዝጋት ነው፤ ያን ተገልጋዩዋ አስቀድማ ታውቃለች። ቀጥሎ መታወቅ ያለበት ሐሳቡ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ፣ መንገዱ መታሰቡ፣ ዝግጅት መኖሩ፣ ቀድሞ ሙከራ መደረጉና ከሐሳቡ ያስቆማት ነገር ነው። በቤት ውስጥ ፀረ ተባይ ኬሚካል፣ የአይጥ መርዝ ወይም የጦር መሣሪያ መኖሩ በቀጥታ ይጠየቃል፤ ሰውየው ሐሳብ፣ መንገድና ዝግጅት ካለው ብቻውን አይተውም፣ ወደ ቤቱም አይሰናበትም፣ ከታማኝ ዘመድ ጋር ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይወሰዳል። አደጋው ዝቅ ያለ ሲሆንም መሣሪያው ወይም መርዙ ከቤት ወጥቶ በዘመድ ዘንድ እንዲቀመጥ ተገልጋዩን ማስማማት ሕይወት ያድናል።

ኑሮ

የማኅበራዊው ዘርፍ በአብዛኛው «ያገባ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ነጋዴ» በሚል ያልቃል። ይህ የመታወቂያ ወረቀት ነው። ኑሮውን ለማወቅ ቤቱን ማሰብ ያስፈልጋል፤ ቤት ውስጥ ማን ማን ይኖራል፣ ማዕድ ላይ ማን ከማን ጋር ይቀርባል፣ ኪራዩን ማን ይከፍላል፣ ገንዘቡ በማን እጅ ነው፣ ተገልጋዩ ሲታመም ውኃ የሚያቀብለው ማን ነው? ባለሙያው ቤተሰቡን በሦስት ትውልድ በሥዕል ቢያስቀምጥ፣ ሞቱን፣ ፍቺውን፣ ስደቱንና ጠቡን በምልክት ቢያሳይ፣ ተገልጋዩ ራሱ ሥዕሉን እያየ ያልተጠየቀውን ይጨምራል። ያገባችን ሴት በስንት ዓመቷ እንደተዳረች መጠየቅ ይገባል፤ በልጅነት መዳር በገጠሩ አካባቢ የብዙ ሴቶች ታሪክ ነው፣ ካልተጠየቀም አይነገርም።

እድር፣ እቁብ፣ ማኅበርና ሰንበቴ በሌላ አገር ቅጽ ላይ የሉም፤ በጎንደር ግን የሰው ማኅበራዊ ጤና የሚለካው በእነዚህ ነው። አንድ ሰው ከማኅበሩ መቅረት የጀመረበት ወር ብዙ ጊዜ ችግሩ የጠናበት ወር ነው። «ማኅበርዎ የማን ነው? መጨረሻ የሄዱት መቼ ነው? ጽዋው ሲደርስዎ ደገሱ?» የሚሉት ጥያቄዎች ብቸኝነትን፣ ዕዳንና ሐፍረትን በአንድ ጊዜ ያወጣሉ። ለሙስሊም ተገልጋይ የጁምዓ ሶላት፣ የሰፈር እድርና የዘመድ ጥየቃ ተመሳሳይ መልስ ይሰጣሉ።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን ኢትዮጵያ የነበረው ጦርነት፣ በኋላም በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ያልነካው ቤተሰብ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሞት፣ መፈናቀል፣ የመንገድ መዘጋትና የሥራ መቆም ይጠየቃል፤ የደረሰው ነገር ዝርዝር ግን በመጀመሪያው ቀን አይቆፈርም። «ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ከባድ ነገር ደርሶበታል፤ በእርስዎም ላይ ደርሶ ከሆነ ሲመችዎ እንነጋገራለን፤ አሁን ደርሷል አልደረሰም የሚለውን ብቻ ይንገሩኝ» ማለት ይበቃል። ብሔርንና ወገንን የሚመለከት ጥያቄ በመጀመሪያው ቅጽ ላይ መኖር የለበትም የሚል ጽኑ አቋም አለኝ፤ ተገልጋዩ ራሱ ካነሣው ይደመጣል፣ አማካሪው ካነሣው ግን በዚህ ዘመን የሚያስፈራ ጥያቄ ነው። በተመሳሳይ ጥንቃቄ የሚጠየቅ ሌላ ነገር ደም፣ ማለትም ሰው ከተገደለ በኋላ የሚቆይ የበቀል ጠብ ነው። በቤተሰብ መካከል ደም ያለበት ሰው ወደ ቀዬው መመለስ አይችልም፣ ገበያ ሲወጣም ጀርባውን ይፈራል፤ ይህን ለማያውቅ አማካሪ ያ ሥጋት ያለምክንያት የመጣ ጥርጣሬ መስሎ ይታያል። «ወደ አገርዎ ሲፈልጉ መሄድ ይችላሉ?» የምትለው አጭር ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ጉዳዩን ታወጣዋለች። ሽማግሌ ተቀምጦ እርቅ ተሞክሮ እንደሆነም እዚያው ይጠየቃል።

በመጨረሻም የሚደግፈው ምን እንደሆነ ይጠየቃል፦ እምነት፣ የሙያ ችሎታ፣ አንድ ታማኝ ጓደኛ፣ ትምህርት ላይ ያለ ልጅ። ይህ ለማጽናኛ የሚጨመር ነገር አይደለም፤ የሕክምናው ዕቅድ የሚቆመው በእነዚህ ላይ ነው።

ማያያዝና መጻፍ

መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ አማካሪው አራት ጥያቄዎችን ይዞ ብቻውን ይቀመጣል። ሰውየውን ቀድሞ ለችግሩ ያጋለጠው ምን ነበር? አሁን የቀሰቀሰው ምንድን ነው? እንዳይሻለው አድርጎ ያቆየው ምንድን ነው? እንዳይብስበት የሚከላከልለትስ ምንድን ነው? ለእያንዳንዳቸው ከአካል፣ ከአእምሮና ከኑሮ መልስ ይፈለጋል፤ ሁሉንም ክፍት ቦታ መሙላት ግን ግዴታ አይደለም። ከአራቱ ሁሉ ከፍተኛ ትኩረት የሚሻው ሦስተኛው ነው፤ ያለፈውን መለወጥ አይቻልም፣ ችግሩን ያቆየውን ግን መንካት ይቻላል።

ለዚህ መመሪያ የተዘጋጀ፣ የማንም ሰው ታሪክ ያልሆነ ምሳሌ እነሆ፦

«ተገልጋዩዋ የ38 ዓመት፣ የሦስት ልጆች እናትና በቅዳሜ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ ናቸው። የመጡት በራስ ምታት፣ በድካምና በእንቅልፍ ማጣት ነው። በልጅነታቸው እናታቸውን አጥተው በአክስታቸው ቤት ስላደጉ ችግራቸውን ለሰው የመንገር ልማድ የላቸውም። ሰኔ ላይ ባለቤታቸው ለሥራ ወደ መተማ ወርደው ወሬያቸው ጠፋ፤ በዚያው ሰሞን የወር አበባቸው እየበዛ ሄደ፣ ለማንም ግን አልተናገሩም። ድካሙ ገበያ መውጣትን አስቀረ፤ ገቢው ሲቀንስ የእድርና የማኅበር መዋጮ ተቋረጠ፤ በዕዳው አፍረው ከማኅበርተኞቻቸው ራቁ፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ሌሊቱን በሐሳብ ማንጋት መጣ፤ እንቅልፍ ማጣቱም ድካሙን አባባሰው። የመሞት ምኞት አላቸው፣ ዕቅድና ዝግጅት የላቸውም፤ ልጆቻቸውና የነፍስ አባታቸው ያቆሟቸዋል። የደም ማነስ ሊኖር ስለሚችል ምርመራ ያስፈልጋል።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ድካም፣ ዕዳ፣ ሐፍረት፣ ብቸኝነትና እንቅልፍ ማጣት ክብ ሠርተው ዞረው ይመለሳሉ። ክቡ አንዴ ከተጻፈ የት መቁረጥ እንደሚቀል ይታያል። ለእኚህ እናት የመጀመሪያው እርምጃ የጤና ጣቢያ ደብዳቤ ነው፤ ሁለተኛው ከማኅበርተኞቻቸው መካከል አንዷን መርጠው እንዲያነጋግሩ መርዳት ነው፤ የእናት ሞትና ሸክምን ለብቻ የመሸከም ልማድ በምክሩ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚነሣ ነው። ሦስቱ ዓምዶች ተለያይተው ቢጻፉ ኖሮ ድካሙ በአንዱ፣ ዕዳው በሌላው ተቀምጦ፣ ሕክምናው ስለ አሉታዊ ሐሳብ በሚደረግ ውይይት ብቻ ይጀመር ነበር።

በጽሑፉ ላይ ሦስት ነገሮች ተለይተው ይቀመጡ፤ ተገልጋዩ የተናገረው፣ አማካሪው በዓይኑ ያየው፣ አማካሪው የገመተው። «ባለቤቷ ጨካኝ ነው» ግምት ነው፤ «ባለቤቴ ባለፈው ሳምንት መታኝ ብላለች፤ በግራ ክንዷ ላይ የበለዘ ምልክት አይቻለሁ» መረጃ ነው። ለዕቅዱ የማይጠቅም ገመና ቢነገርም አይጻፍም። ማኅደሩ ይቆለፋል።

ከዚያ በኋላ አንቀጹ ለተገልጋዩ በቀላል ቋንቋ ይነገራል። «የነገሩኝን እንዲህ ነው የተረዳሁት፤ ያጎደልኩት ወይም ያጣመምኩት ካለ ያርሙኝ» ተብሎ ይጀመራል፤ እርማቱም ያለ ክርክር ይመዘገባል። ተገልጋዩ «እንዴ፣ ለካ ሁሉም ተያይዟል» ካለ ዕቅዱን አብሮ ማውጣት ቀላል ነው። አንገቱን ብቻ ነቅንቆ ዝም ካለ ግን አንድ ያልተነገረ ነገር መኖሩን መጠርጠርና ቀጣዩን ቀጠሮ ለዚያ መተው ይሻላል።

ወደ ሐኪም የሚጻፈው ደብዳቤ አጭር ይሁን፤ ምልክቱ፣ የጀመረበት ጊዜ፣ የሚወሰደው መድኃኒት፣ የሚጠየቀው ምርመራ ይበቃል። የቤተሰብ ገመና በደብዳቤው ውስጥ አይገባም። የምርመራው ውጤት ሲመለስና ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ቀጠሮ በኋላ ምዘናው እንደገና ይታያል፤ ደሙ ትክክል ሆኖ ከተገኘ የድካሙ ማብራሪያ ይለወጣል፣ ባልየው ከመተማ ከተመለሱም ታሪኩ ሌላ መልክ ይይዛል። የተሻሻለው ጽሑፍ ቀን ተጽፎበትና ተፈርሞበት ከቀድሞው ጋር በማኅደሩ ይያያዛል፤ የቀድሞው አይሰረዝም፣ አይቀደድምም።